ዕረፍት ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም

ይህን ጉዞ ያስጀመረን አንድ ካሴት ነው። በእርግጥ ካሴት አይደለም፤ አስተማሪዋ ከስልኳ ወደ አንዲት ትንሽ ማጉያ የላከችው ሙዚቃ ነው። ነገር ግን በእኛ ክበብ ዘንድ ከሣጥን የሚወጣ ድምፅ ሁሉ እስከ ዛሬ ካሴት ነው የሚባለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለትም በሕዝብ ማእከሉ፣ ለእናቶችና ለሽማግሌዎች በሳምንት አንድ ቀን ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ ይሰጣል። ጉልበቱን የሚያመው፣ ወገቡን የያዘው፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁሉ ይመጣል። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፤ አማርኛ ግን አታውቅም፤ እርስ በርሳችን እያስተረጎምን እንማራለን። በዚያን ቀን ፍራሽ አነጠፈችና መብራቱን ቀንሳ፣ «አሁን በጀርባችሁ ተኙ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሙዚቃውን ብቻ ስሙ» አለችን። ሙዚቃው የባሕር ሞገድ፣ የነፋስ ድምፅና በመካከሉ የሚያቃስት ዋሽንት ነበር።

ከእናቶቹ ግማሾቹ አልተኙም። በቀን፣ በሰው ፊት፣ በጀርባ መንጋለል የበሽተኛ ነገር ነው ብለው ተቀምጠው ቀሩ። የተኙትም ቢሆኑ አላረፉም። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ አንዲት እናት ነፋሱን ሲሰሙ ብድግ ብለው ተቀመጡ። «ይህ የበረሃ ነፋስ ነው። ይህን እየሰማሁ ነው ሁለት ልጅ የቀበርኩት» አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ቃል ወደ ዕብራይስጥ ለመመለስ ከመካከላችን የደፈረ አልነበረም። አስተማሪዋ ግን ከፊታቸው ገባት፤ ድምፁን አጠፋች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እናንተስ የምታርፉበት ሙዚቃ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችን።

መልሱ በቀላሉ አልመጣም። አንዱ በገና አለ። ሌላው፣ በገና የክርስቲያኖች የጾም ነገር እንጂ የእኛ አይደለም አለ። አንዲት እናት፣ እናታቸው ሌሊት ወፍጮ ላይ ሆነው ያንጎራጉሩት የነበረውን ዜማ አነሡ፤ ወፍጮው ከሌለ ግን ዜማው አይመጣልኝም አሉ። ከወጣቶቹ አንዷ በኢየሩሳሌም ይኖሩ ስለ ነበሩት ፒያኖ መቺ መነኩሴ ተናገረች። አንድ አባት ደግሞ፣ «የቄሶቻችን ጸሎት እያለ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ክርክሩን ሊዘጉ ሞከሩ፤ አልተዘጋም። በኋላ ስናስበው ከወፍጮው በቀር የተነሡት ነገሮች ሁሉ መንገዳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ያመራል። እንግዲያውስ ለምን ሄደን አናይም ተባለ።

መዋጮ ተሰበሰበ፤ ሚኒባስ ተከራየን። ከፋሲካ በኋላ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሰባት ሆነን ወጣን። ከመካከላችን አንድ ቄስ፣ አስተማሪዋ፣ በሰሎሞን ዘመቻ በ1991 የመጡ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ከጎንደር ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ነበሩ። ይህች እናት የምትኖረው በመርካዝ ክሊታ ነው። የበኩር ልጇ ግን እዚያው ጎንደር ፈቃድ ሲጠብቅ ቀርቷል። ሌሊት ሌሊት ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ ታነጋለች ብለው ጎረቤቶቿ ነግረውናል። ስለ ራሷ ምንም አልተናገረችም፤ ዳቦውንና ቆሎውን በእቅፏ ይዛ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

በመንገድ ላይ አስተማሪዋ ስለምታስተምረን ዘዴ አጫወተችን። ዘዴውን ያወጣው ሞሼ ፈልደንክራይስ የሚባል ሰው ነው። በ1904 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር ተወልዶ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳለ ወደዚህ አገር መጣ፤ ከመንገዱም ብዙውን በእግሩ ነው የሄደው። ይህን ስትል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። በእግር የመጣ ሰው ለእኛ ዘመድ ነው። መጀመሪያ በግንባታ ሥራ ቀን ሠራተኛ ሆነ፤ በኋላ ፓሪስ ሄዶ ምሕንድስናና ፊዚክስ ተማረ። እግር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ ስለ ነበር፣ ሰው አካሉን እንዴት ቢያንቀሳቅስ ሕመሙ እንደሚቀንስ በራሱ ላይ መመርመር ጀመረ። ከዚያ በቴል አቪቭ በአሌክሳንደር ያናይ መንገድ ለብዙ ዓመታት አስተማረ፤ በ1984 ዐረፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮንም ወገባቸውን እያመማቸው ከእርሱ ዘንድ ተማሩ፤ በባሕር ዳር በራሳቸው ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። አስተማሪዋ ፎቶውን በስልኳ ስታሳየን አንድ አባት፣ «መንግሥት ተገለበጠ የሚባለው ይህ ነው እንዴ?» ብለው ሚኒባሱን ሁሉ አሣቁ።

አንድ ነገር ግን ጨምራ ነገረችን። በዚህ ዘዴ ትምህርቱ የሚሰጠው በአስተማሪው ቃል ብቻ ነው፤ ሙዚቃ የለበትም። «ባሕሩንና ነፋሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ በእሱ የሚያርፍ መስሎኝ» አለች። እኛም ይህን ስትል ወደድናት።

ወደ ከተማዪቱ መግቢያ ስንደርስ ትልቁ ነጭ ድልድይ ታየን። ስሙ ጌሼር ሀሜይታሪም፣ የአውታሮች ድልድይ ነው። ሜይታርና አውታር ቃሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኡልፓን የምትማሩ ያዙት። በ2008 የተከፈተ ሲሆን ቀላሉ ባቡር በላዩ ይሄዳል። አንድ ብቸኛ ዐምድ 118 ሜትር ወደ ላይ ይወጣና ከእርሱ 66 የብረት ገመዶች ተዘርግተው ድልድዩን ይይዙታል። ሠሪው ሳንቲያጎ ካላትራቫ የሚባል እስፓኛዊ ነው። የንጉሥ ዳዊትን በገና ይመስላል እየተባለ ይነገርለታል። ይህን ሳንነግራቸው ነው አንዲት አሮጊት፣ «በገና አቁመዋል!» ያሉት።

ስለ በገና ለልጆቻችሁ ልትነግሩ ብትፈልጉ እንዲህ በሏቸው። አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ በጥንት ሥራው ከበግ አንጀት ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በሚያርፍበት እንጨት መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የሚነዝር፣ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ቆዳው ባይኖር ድምፁ ተራ ክራር በሆነ ነበር። በበገና አይጨፈርም፤ አይጨበጨብም፤ ደርዳሪው ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ ያዜማል። ለብዙ ዘመን በዐቢይ ጾም በራዲዮ ይሰማ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከራዲዮም ከትምህርት ቤትም ወጣ። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩት እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ባለሙያዎች ግን አልተዉትም፤ ዛሬም ወጣቶች ይማሩታል። በኢትዮጵያ የሚነገረው ትውፊት መሣሪያው ከንጉሥ ዳዊት የመጣ ነው ይላል። የእኛ ቄሶች በጸሎት አይጠቀሙበትም፤ ይህም እውነት ነው። ዳዊት ግን የሁላችንም ነው ብለን እናስባለን።

ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሄድን። በራሳችሁ ለመሄድ ብትፈልጉ ከታሐና መርካዚት ቀላሉን ባቡር ያዙና ዳቪድካ በሚባለው ማቆሚያ ውረዱ። ከዚያ የነቢያት መንገድን፣ ማለትም ሬሖቭ ሀነቪኢምን፣ ይዛችሁ ቁልቁል ጥቂት እንደ ሄዳችሁ በስተግራ የኢትዮጵያ መንገድ ይገባል። ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለው፤ ዛፎቹ ከግንቡ በላይ ጥላ ይጥላሉ። ከዋናው መንገድ አንድ እርምጃ ገባ እንዳልን የመኪናው ጩኸት ከኋላችን እንደ በር ተዘጋ። አስተማሪዋ፣ «ሼኬት» አለች፣ ጸጥታ ማለቷ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ ኖሯል፤ ዕብራይስጥን የዕለት ንግግር ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠው፣ ትልቁን መዝገበ ቃላት የጻፈው ሰው ነው። በ1881 ወደዚህ አገር መጣ፤ በ1922 ዐረፈ። ከቤቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ከአንድ ጊዜ በላይ ተነቅሎ ተወስዷል ይባላል። በኡልፓን ግሥ መርባት ያስመረራቸው አንዲት እናት ቤቱን በቁጣ አዩትና፣ «አንተ ነህ ያስቸገርከን!» አሉት። ወዲያው ደግሞ ልጁን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ አድርጎ እንዳሳደገው ስንነግራቸው፣ «ምስኪን ልጅ፣ ማን አጫወተው?» አሉ።

ከቤቱ አለፍ ብሎ የኢትዮጵያውያን ገዳም በር አለ፤ በበሩ ላይ የድንጋይ አንበሳ ተቀርጿል። በውስጡ ያለው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። እዚህ ላይ ቆምን። ቄሳችን፣ «እኔ ከዚህ ቅጥር አልገባም» አሉ፤ የሽማግሌዎቹም ሐሳብ ይኸው ነበር። በአገር ቤት ሳለን ስለ እምነታችን ያየነውን የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ማንም አልተከራከረም። ከመካከላችን የነበሩ ሁለት ክርስቲያን ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሌሎቻችን በግንቡ ጥላ ሥር ተደርድረን ቆየን።

ወጣቷ የተናገረችላቸው መነኩሴ የኖሩት በዚህ ግንብ ውስጥ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከዚያም በካይሮ በአንድ ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ሙዚቃ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ለመማር የተገኘው ዕድል ፈቃድ በማጣት ሲቀር ሁሉን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ወጡና መነኰሱ፤ ወደ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላም ወደ ሙዚቃው ተመለሱ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም መጡ፤ በዚህ ገዳም በአንዲት ትንሽ ክፍል ከፒያኖ ጋር ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

«በ1984?» አሉ የሱዳኗ እናት። «እኔ በመጣሁበት ዓመት!»

ቄሳችን ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ወጣቷ ስታወራ የእማሆይ አባት ከንቲባ ገብሩ እንደ ሆኑ ስትናገር ግን ዘወር አሉ። «የጎንደሩ ከንቲባ ገብሩ?» አሉ። አዎ፣ የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። ጎንደር ሲባል ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ቀርበው ሰሙ። እማሆይ ራሳቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ቤት የሌላቸው፣ በየደጁ ለምነው እየበሉ ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጣቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሙዚቃቸውን አስቀረጹ፤ በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያው ሸክላ ወጣ፤ ገቢው ለችግረኞች ሆነ። በ2006 ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ሆኖ ሥራቸው ሲወጣ ዓለም ሁሉ ሰማው። ዛሬ በየአገሩ ሰዎች ከሥራ በኋላ ለማረፍ፣ ሕፃን ለማስተኛት፣ ጸጥ ብሎ ለመቀመጥ ይሰሙታል። ይህን ሁሉ ያሳተሙት ለዚያ አይደለም፤ ግን ለዚያም ሆነ።

ወጣቷ ስልኳን በግንቡ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ አንዱን ከፈተችው። ትርጉሙ ቤት የሌለው መንገደኛ የሚል ስም ያለው ነው። በዚያ ጸጥታ ማጉያ አላስፈለገውም። ሙዚቃ አዋቂዎች ነን አንልም፤ እንደ ሰማነው ግን እንዲህ ነው። ቅኝቱ የአገራችን ነው፤ ትዝታና አምባሰል የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። አጨዋወቱ ደግሞ የፈረንጅ ትምህርት አለበት። ምት የሚጠብቅ ከበሮ የለውም። ሰው ብቻውን ሲሄድ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ያያል፣ እንደ ገና ይራመዳል፤ ልክ እንደዚያ ነው። ትንፋሽ ያለበት ሙዚቃ ነው ብንል ይቀርበዋል። የሱዳኗ እናት ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ፣ «ይህች ሴት ስትመታ አትቸኩልም» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። አንድ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሰማና በዕብራይስጥ፣ «ያፌ» ብሎን ሄደ።

ከጎንደር የመጣችው እናት ግን አልሰማችም። ስልኳ ጠርቶ ነበርና ወደ መንገዱ ጫፍ ሄዳ ታወራ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አርሞን ሀናጺቭ ወጣን። ስሙ የኮሚሽነሩ ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ በእንግሊዞች ዘመን በ1931 ለከፍተኛው ኮሚሽነር ከተሠራው ሕንፃ የመጣ ነው፤ ሕንፃው ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት እጅ ነው። ከፊቱ ያለው የእግር መንገድ ታዬሌት ይባላል። ከዚያ ላይ ሆኖ ያየ ሰው አሮጌዪቱን ከተማ በቅጥሯ፣ ሀር ሀባይትን በመካከሏ፣ በስተቀኝ የይሁዳን ምድረ በዳ ሁሉ አንድ ላይ ያያል። የድንጋይ ግድግዳ፣ ሣርና የወይራ ዛፍ አለው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ቦታውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ወይም በቅርቡ ታውቁታላችሁ። ስግድ የሚከበረው እዚህ ነው፤ በሔሽቫን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን። በ2008 በክኔሴት ሕግ የመላው አገር በዓል ሆኗል። በዚያን ቀን እዚህ መቆሚያ አይገኝም፤ ጃንጥላው፣ ነጭ ልብሱ፣ ነጋሪቱ፣ ከየከተማው የመጣው ዘመድ መሳሳሙ። በተራ ቀን ግን ባዶ ነው። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች ከስግድ በፊት አንድ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትሄዱ እንመክራለን፤ በበዓሉ ቀን ከሰው ብዛት የተነሣ ቦታው ራሱ አይታይም።

ቄሳችን በዚያ ቆመው ስለ አምቦበር አጫወቱን። እዚያ ስግድ ማለት ተራራ መውጣት ነበር፤ በጾም፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ኦሪቱን አስቀድሞ። ወጥቶ መስገድ፣ ማልቀስ፣ ከዚያ ወርዶ ዳቦ መብላት። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ አልፎ አልፎ የአገውኛ ቃል አለበት። አንድ ቄስ ይመራል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ምላሹ መሪው ሳይጨርስ ይጀምራልና ድምፁ እንደ ሽመና እርስ በርሱ ይያያዛል። ነጋሪትና ቀጨል የሚመታበት ጊዜ አለ፤ ድምፅ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። በ1973 ኬይ ካውፍማን ሸለሜ የምትባል አሜሪካዊት የሙዚቃ ምሁር አምቦበር ሄዳ ይህን ዜማ ቀርጻለች፤ በ1986 መጽሐፍ አወጣችበት። ያንን የመሰለ ቅጂ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ቄሳችን ግን፣ «ቅጂ አይመልስልኝም። መሪ ሆኜ ሳዜም የሚመልስልኝ ሰው ነው የምፈልገው፤ ከእኔ ጋር የሚመልሱት ስንት ቀሩ?» አሉ። ከልጆቻችን መካከል ይህን የሚማር ጥቂት ነው። ይህን ጉዳይ በሌላ እትም በሰፊው እንመለስበታለን።

አስተማሪዋ ይህን ሁሉ ስናስተረጉምላት ደስ አላትና፣ «እንግዲያው ቄሱ ያዚሙልን፤ እኛ በዚያ ላይ እንንቀሳቀስ» አለች። ቄሳችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጸሎት መድኃኒት አይደለም። ጉልበት ለማፍታታት፣ እንቅልፍ ለማምጣት አይባልም። ጸሎት ለእግዚአብሔር ነው» አሉ። አስተማሪዋ ይቅርታ ጠየቀች። እኛም ቄሱ ትክክል ናቸው እንላለን፤ ሁሉ ነገር ለዕረፍት ተብሎ ከቦታው አይነቀልም።

ስለዚህ ያለ ሙዚቃ ሠራን፣ ፈልደንክራይስ እንደሚያደርገው። በዝቅተኛው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ማንም እንዲጋደም አልተጠየቀም። ይህ በየቤታችሁ በወንበር ላይ ሊሠራ የሚችል ነውና እንጻፈው። ሁለቱ እግሮች መሬት ይንኩ። ራስን ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ሕመም ከሚጀምርበት በፊት ማቆም። መታገል የለም፤ ትንሽ ነው የሚፈለገው። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ማረፍ። ቀጥሎ ራሱን ወደ ቀኝ እያዞሩ ዓይንን ብቻ ወደ ግራ መላክ፤ ይህ ያስቃል፤ በኋላ ግን አንገቱ ከበፊቱ ይልቅ ይዞራል። ከዚያ ትከሻ፦ አንዱን ትከሻ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ፣ እንደ ክብ። «ይህማ እስክስታ ነው!» አለች አንዷ። እውነትም የተኛ እስክስታ ነው። አስተማሪዋ የእናቶቹን ትከሻ አይታ፣ ይህንስ እናንተ አስተምሩኝ አለች፤ ተማረችም። ቀዶ ጥገና ያደረገ ወይም ሐኪም የከለከለው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰውም ሙዚቃ ብቻ አይበቃውምና በኩፓት ሖሊም ለቤተሰብ ሐኪሙ ይንገር፤ አያሳፍርም።

ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለምትሰሙም አንድ ምክር አለን። በዚህ አገር የዕረፍት ሰዓት የሚባል አለ፦ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፤ በእነርሱ ከ14 እስከ 16 እና ከ23 በኋላ። በእነዚህ ሰዓታት ድምፅ ከፍ አድርጎ ጎረቤት ማወክ በሕግ የተከለከለ ነው። ለማረፍ የሚሰማ ሙዚቃ ከፍ አይደረግምና ብዙ አያስቸግርም። ሰንበት ላይ ግን ሣጥኑ ይዘጋል፤ አፍ ይበቃል።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ቄሳችን ከእኛ ፈቀቅ ብለው ፊታቸውን ወደ መቅደሱ ቦታ አዙረው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ለማንም ብለው አይደለም። ሰዓቱ ደርሶ ነው። ድምፃቸው መጀመሪያ አይሰማም ነበር፤ ቀስ በቀስ ዜማው ወጣ። በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት አባት ተነሥተው ከጎናቸው ቆሙና መመለስ ጀመሩ፤ ቃሉን ሁሉ አያውቁትም፣ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፣ በማያውቁት ላይ ዜማውን ብቻ ይይዛሉ። ከዚያ አንድ ሌላ አባት ተነሡ። አሮጊቶቹ ከተቀመጡበት ሳይነሡ በጉሮሯቸው ተከተሉ። ልጆቹ ሩጫቸውን ትተው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አስተማሪዋ እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ከተማዪቱ ትመለከት ነበር።

ምን ያህል እንደ ቆየን ሰዓት አላየንም። ጸሎቱ አልቆ ዕቃ ስንሰበስብ ነው ከጎንደር የመጣችው እናት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ነጠላዋ ፊቷን ግማሽ ሸፍኖት፣ እንቅልፍ እንደ ወሰዳት ያየነው። ስልኳ ከእጇ ወርዶ በቀሚሷ ላይ ወድቋል። ሁለቱ ልጆቿ በግራና በቀኝ ተጠግተው ቆሎውን ይበላሉ።

ሾፌሩ ከታች ጥሩምባውን ነፋ። አንዱ ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ ቄሱ፣ «ተዋት» አሉት። ወጣቷ ወርዳ ሾፌሩን በዕብራይስጥ ለመነችው፤ ለተጨማሪው ጊዜ ገንዘብ ጠየቀ፤ ከመዋጮው የተረፈውን ሰጠነው። ያመጣነውን ዳቦ ቆርሰን እዚያው ቆመን በላን። ስለ ጮክ ብሎ ማውራት የተናገረ የለም፤ ግን ሁሉ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፣ ልጆቹም ጭምር። አስተማሪዋ የራሷን ሹራብ አውልቃ በትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

መብራቶቹ ከታች በከተማዪቱ መብራት ሲጀምሩ ነቃች። ደንግጣ ስልኳን ፈለገች፤ ልጇ ሰጣት። አየችው፤ ማንም አልደወለም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።

«በየትኛው?» አሉ የሱዳኗ እናት። «በእኛ ነው ወይስ በእነሱ?»